ሀ ስንት ቁጥር ነው?

በ1996 ዓ.ም. አንድ ጎረቤታችን ልጃቸውን ሊድሩ የሠርጉን ጥሪ ኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ አስጻፉ። ጸሐፊዋ አሳምራ ጻፈች፤ ልታትም ስትል መብራት ጠፋ። ሠርጉ ደርሷል፣ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። እኔም የጉርምስና ነገር ሆኖ፣ "ፍሎፒ ላይ ገልብጪልኝ፤ ማዶ አሳትሜው እመጣለሁ" አልኩና ኬላውን ተሻገርኩ። ኬንያ በኩል ያለው ሳይበር ካፌ ጄኔሬተር ነበረው።

ፍሎፒው ገባ፤ ፋይሉ ተከፈተ። የሙሽሪት ስም መሆን በነበረበት ቦታ ቆብ የደፋ ኦ፣ ጭራ ያበቀለ ሲ፣ የፓውንድ ምልክትና የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ታዩ። የሳይበሩ ልጅ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በሙሉ ልብ ፈረደ፤ "ቫይረስ ነው። ፎርማት ላድርገው?"

እንኳን እምቢ አልኩ! ቫይረስ አልነበረም። ያን ቀን በዚያች ፍሎፒ ላይ የተቀመጠው የኮምፒውተር ታሪክ ነበር፤ ያውም ለእኛ የሚሆነው ግማሹ። እዚህ ኬንያ በኩል ባለችው ሰፈራችን ጎልቦ ማታ ማታ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ "እስቲ ያንን ነገር ንገረን" ስለምትሉኝ፣ ዛሬ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የማሽኖቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር እሰጣችኋለሁ፤ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውም ካላንደር እሱ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ፊደል የለም

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ቁልፍ ስትጫኑ ቁጥር ይገባል፤ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠውም ቁጥር ነው። ስክሪን ላይ ሊያወጣው ሲል ማሽኑ "65 የየትኛው ሥዕል ቁጥር ነበር?" ብሎ ሰንጠረዥ ያያል። 65 ትልቁ የእንግሊዝኛ ኤ ነው። 66 ቢ ነው። ይህን ሰንጠረዥ አሜሪካኖች በ1963 አውጥተው በኋላ አሻሻሉት፤ አስኪ ይባላል። 128 ቦታ አለው፤ ለ26 ፊደል፣ ትንሹንም ትልቁንም ጨምሮ፣ ከበቂ በላይ ነው።

65 ኤ የሆነው ሰዎች ስለተዋዋሉ ነው፤ በተፈጥሮው ኤን የሚመስል ነገር የለውም። ጽሑፍ በኮምፒውተር ማለት እንግዲህ ቁጥርና ውል ነው። ድንበር ላይ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሽልንግ እዚህ ሻይ ይገዛል፣ ኬላውን ሲሻገር መንዛሪ ይፈልጋል፤ ወረቀቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ስምምነቱ ነው። ሰዓታችንንም እዩት። አማርኛም ስዋሂሊም ከንጋት ይቆጥራሉና ጠዋት ላይ ሁለታችንም "አንድ ሰዓት" እንላለን፤ የስልካችን ስክሪን ግን 7 ብሎ ይጽፋል። ማንም አልዋሸም፤ ውሉ ነው የተለየው።

ቃሏን ያዟት፦ ውል። አሁን ወደ ሳጥኖቹ እንሂድ።

የ1981ዱ ሳጥን

ሰው በግሉ የሚገዛው ኮምፒውተር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በጥር 1975 ነው። በዚያ ወር አንድ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት አልቴር 8800 የተባለን ማሽን ሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። ኪቦርድ የለውም፣ ስክሪን የለውም፤ ማብሪያ ማጥፊያና ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ብቻ። ቢል ጌትስና ፖል አለን ለእሱ ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው ማይክሮሶፍትን የመሠረቱት ያኔ ነው። በ1977 አፕል ቱ መጣ፤ በ1979 ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሰንጠረዥ ሶፍትዌር ሲጨመርበት ነጋዴዎች ለሶፍትዌሩ ሲሉ ማሽኑን ይገዙ ጀመር።

ስለ አፕል ቱ አንድ የምወዳት ነገር አለች። ሲወጣ ትንንሾቹን የእንግሊዝኛ ፊደላት እንኳ ማሳየት አይችልም ነበር፤ ትልልቆቹን ብቻ! የፊደሉ ሥዕል ፋብሪካ ውስጥ ቺፕ ላይ ተቀርጾ የሚመጣ ስለሆነ፣ ያልተቀረጸው አይወጣም። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛም ራሱ ግማሽ ስደተኛ ነበር ማለት ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 1981 አይቢኤም ፒሲውን አወጣ። ዋጋው ከ1,565 ዶላር ይጀምራል፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 8088 ነው። ትልቁ ጉዳይ ግን ፍጥነቱ አይደለም፣ ውሉ ነው። አይቢኤም ቸኩሎ ስለነበር ዕቃውን ከገበያ ለቃቅሞ ገጣጠመ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ደግሞ ከማይክሮሶፍት አዘዘ። ማይክሮሶፍት ራሱ አልነበረውም። ሲያትል ውስጥ ቲም ፓተርሰን የተባለ ባለሙያ የጻፈውን ሶፍትዌር ከአሠሪው ድርጅት በ50,000 ዶላር ጠቀለለና ለአይቢኤም አቀረበ። ለሌላም የመሸጥ መብቱን ግን ለራሱ አስቀረ። ዶስ የምንለው እሱ ነው።

የቀረው የአይቢኤም ምስጢር ማሽኑን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ባዮስ ነበር። ኮምፓክ የተባለ አዲስ ኩባንያ የአይቢኤምን ኮድ ሳይቀዳ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ባዮስ ጻፈና በ1982 መጨረሻ 13 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ እጀታ ያለው ማሽን አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ በሩን የሚዘጋው ጠፋ። በየአገሩ የተገጣጠመው ሳጥን ሁሉ "ከአይቢኤም ጋር ተስማሚ" ሆነ፤ ያው ዶስ፣ ኋላም ያው ዊንዶውስ ይገባበታል። በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናውቀው ያ ክሬም ቀለም ያለው ባለ ብዙ ስም ሳጥን የልጅ ልጃቸው ነው።

ግን አማርኛውስ?

256 ወንበር

ፒሲው ለፊደል የሰጠው ቦታ 256 ነው፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሚቆጥር። ግማሹን አስኪ ይይዘዋል። እንቁጠር እንግዲህ፦ 33 ፊደል ሲባዛ በ7 ቤት 231 ነው። ሏ፣ ሟ፣ ቋ የሚባሉት ዲቃላዎች አሉ። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 አኃዞች አሉ። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ አሉ። ባለ 128 ወንበር አዳራሽ ውስጥ የሦስት መቶ ሰው ድግስ ነው የተጠራው።

መልኩም አስቸጋሪ ነበር። በአንዳንዱ የመጀመሪያ ዘመን ስክሪን አንድ ፊደል የሚሳለው 8 በ8 በሆነ የነጥብ ሰሌዳ ላይ ነው። እስቲ ጭን ወይም ሿን በ64 ነጥብ ሳሉልኝ! የራስጌው ሰረዝና የእግሩ ቀለበት ይጣበቁና ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል።

ይህን ችግር በፊትም አይተነዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያስቡ፣ ለዚህ ሁሉ ፊደል ቁልፍ ስለማይበቃ ፊደሉን ገላና ቅጥያ አድርገው መክፈል ነበረባቸው። የኮምፒውተሩ ሰዎችም መንገዱ ሲጠባቸው ወደዚያው ብልሃት ተመለሱ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በር የሚከፍቱ ነገሮች መጡ። ነጥብ በነጥብ የሚሳልባቸው የግራፊክስ ካርዶች ተለመዱ፤ በ1984 የወጣው ኢጂኤ ካርድ ደግሞ የፊደሎቹን ሥዕል በሶፍትዌር መቀየር ፈቀደ። ካሊፎርኒያ የነበሩት ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላው ዳሸን የተባለውን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሠሩ። ኮሎራዶ የሚኖሩት ተመራማሪ ዶክተር አበራ ሞላም በዚያው አሥር ዓመት ሞድኤት የተባለውን አወጡ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይሰማል፤ እኔ ለሁለቱም ሻይ እጋብዛለሁ። ዋናው ነገር ዶስ ላይ፣ ለእኛ ባልታሰበ ሳጥን ውስጥ፣ ፊደላችን ብቅ ማለቱ ነው።

ከዚያ የፎንት ዘመን መጣ። ጥር 1984 የወጣው ማኪንቶሽ ፊደልን እንደ ሥዕል የሚያይ ማሽን ነበር፤ ፎንቶቹም ቺካጎ፣ ጄኔቫ፣ ለንደን እየተባሉ በከተማ ስም ይጠሩ ነበር። በ1991 አፕል፣ በ1992 ደግሞ ዊንዶውስ 3.1 ትሩታይፕ የተባለውን የፎንት ዓይነት ይዘው መጡ። ትሩታይፕ ፊደሉን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅስት ስለሚመዘግበው በትንሹም በትልቁም ሳይሸራረፍ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመሣያ ሶፍትዌር ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ፎንት መሥራት ቻለ።

የእኛ ሰዎችም ገቡበት። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ሌሎችም ብዙ ስሞች በየቢሮው ተተከሉ። ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ ማመልከቻው፣ የእድር ደንቡ ሁሉ በእነሱ ተጻፈ። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ዘዴው ግን ማታለል ነበር፤ ማሽኑን ነው የምናታልለው። እንበል 201 በፈረንጆቹ ሰንጠረዥ ጭረት የደፋ ኢ ነው። ፎንት ሠሪው የኢውን ሥዕል ፋቀና በቦታው ሠን ሣለ። ማሽኑ እስከ ዛሬ ኢ የጻፈ ይመስለዋል፤ እናንተ ሠ ታያላችሁ። ቦታ ሲያልቅበት የተረፉትን ወደ ሁለተኛ ፎንት ይልካል ወይም እንደ ጽሕፈት መኪናው ገላና ቅጥያ ይገጣጥማል።

ችግሩ ገብቷችኋል? ሁሉም ሠሪ በራሱ ውል ነው የሚሠራው። አንዱ ጋ 201 ሠ ነው፣ ሌላው ጋ 201 ጵ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያው የፈረንጁ ኢ ነው። የጎረቤቴ የሠርግ ጥሪ አልተበላሸም ነበር፤ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ በቦታቸው ነበሩ። የሳይበሩ ማሽን የሚያነባቸው በሌላ ውል ስለነበር ነው። ብሬን ይዤ ሄጄ በሽልንግ ዋጋ እንደመጠየቅ ማለት ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አጠገቤ የነበረ አንድ የቦረና ጓደኛ በዚያው ሳይበር የኦሮምኛ ደብዳቤ ሲያሳትም ምንም አልገጠመውም። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ 128ቱ የአስኪ ወንበሮች ይበቁታል፤ የ1981ዱም ሳጥን ቢሆን ያትምለት ነበር። በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ አንዱ ቋንቋ እንግዳ አንዱ ባለቤት የሚሆንበት ምክንያት የሰንጠረዡ ስፋት ነበር።

ኢሜይል የጀመሩት ኢትዮጵያውያንም በሌላ መንገድ አመለጡ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ሴራ የተባለ ደንብ አወጡ፤ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በአስኪ ምልክቶች ብቻ የሚወክል ነው። ትንሹ ቲ ለተ፣ ትልቁ ቲ ለጠ ይሆናል፤ የሚቀበለው ሰው ማሽን መልሶ ወደ ፊደል ይቀይረዋል። ዛሬ የኤል ቁልፍን ስትጫኑ ል፣ ዩን ስታስከትሉ ሉ የሚሆንበት የአጻጻፍ ስልት ከዚያው ቤተሰብ ነው።

አንድ ውል

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው፦ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ሰንጠረዥ። በ1988 ጆ ቤከር የተባለ የዜሮክስ ባለሙያ ሐሳቡን ጻፈና ስሙን ዩኒኮድ አለው። የመጀመሪያው ዕትም በ1991 ወጣ። ግዕዝ በዚያ ውስጥ አልነበረም። ረጅም ሥራ፣ ደብዳቤና ክርክር ካለፈ በኋላ መስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የግዕዝ ምልክቶች ገቡ። ሀ ቁጥር ተሰጣት፦ 4608።

አሁን የማሳያችሁን ግን ወረቀት አውጥታችሁ ተከተሉኝ፤ እኔ ሳየው ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ለእያንዳንዱ ፊደል 8 ቦታ ተሰጠው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላለው። ስለዚህ ሀ 4608 ከሆነች ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ናቸው። ወደሚቀጥለው ፊደል ለመዝለል 8 ትደምራላችሁ። ቤት ለመቀየር ከ0 እስከ 6 ትደምራላችሁ፤ ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6። ሞን ፈልጉ፦ 4632 ሲደመር 6፣ 4638። ሌን ፈልጉ፦ 4616 ሲደመር 4፣ 4620። የየ ቁጥር 4840 ነውና ያ 4843 ናት። ሞያሌ ማለት 4638፣ 4843፣ 4620 ነው። ጎልቦስ? 4878፣ 4621፣ 4710። ሰፈራችን ናት!

የቄስ ትምህርት ቤቱ ገበታ ነው እንደ ቆመ ወደ ማሽኑ የገባው። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በሁለትዮሽ ሲጽፍ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ቤቱን፣ የቀሩት ፊደሉን ይናገራሉ። እንደ ቈና ጐ ያሉት የራሳቸው መደዳ ስላላቸው ሥርዓቱን አያፈርሱም። በ2005 ደግሞ ሰንጠረዡ ሰፋና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገቡ፤ በ2010 እና በ2021ም እንዲሁ።

ውሉ መፈረሙ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሳጥኑ ውስጥ ፎንቱም መኖር አለበት። ጥር 2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ ስሙን ያገኘው ከእንስሳው ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 12 ኢትዮጵያ ሁለት ሺህ ዓ.ም.ን ስትቀበል ምንም ሳይጫንበት አማርኛ የሚያሳይ ዊንዶውስ ነበር ማለት ነው። ማክ ላይ ያለው ፎንት ደግሞ ከፋ ይባላል። አንዱ ደጋ ላይ የሚግጥ፣ አንዱ ጀበና ውስጥ የሚፈላ።

የቀረ ዕዳ

ሁሉ ነገር አልቋል እንዳትሉ። ስልካችሁ ላይ አማርኛ ስትጽፉ አጭር መልእክቱ ቶሎ ሲሞላ አይታችሁ ይሆናል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፣ በግዕዝ 70 ብቻ። የድሮው የሞባይል ውል አስኪን መሰል ጠባብ ሰንጠረዥ ላይ ስለተሠራ፣ ከዚያ የወጣ ፊደል ሁሉ ሁለት ባይት ይበላል። ፋይል ውስጥ ደግሞ በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ ለእንግሊዝኛው አንድ ባይት፣ ለእኛ ሦስት ባይት ይጠይቃል። ዛሬ ቦታ ርካሽ ስለሆነ ማንም አይከፋውም፤ ግን የ1963ቱ ጥላ ነው።

ሌላው ዕዳ የራሳችን ነው። "ፀሐይ" የምትለውን ቃል በጸ ወይም በፀ፣ በሀ ወይም በሐ ወይም በኀ ልትጽፏት ትችላላችሁ፤ እነዚህን ብቻ ብንቆጥር 2 ጊዜ 3፣ ስድስት ዓይነት ናት። አንባቢ ስድስቱንም አንድ ይላቸዋል። ኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያየ የቁጥር ሰልፍ ያያል። ፋይል ውስጥ ፈልጋችሁ "የለም" ሲላችሁ ብዙ ጊዜ አለ፤ በሌላኛዋ ሐ ተጽፎ ነው። የፊደሉን ቁጥር ዓለም ተዋዋለልን፤ ሆሄያቱን የምንዋዋለው እኛው ነን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አሮጌዎቹ ፋይሎች ናቸው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የተጻፈው ሁሉ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ግጥሙ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ በየፎንት ሠሪው ውል ተቆልፎ በየመሳቢያው ተቀምጧል። ሲከፍቱት ጉንዳን ነው። የማያውቅ ሰው "ቫይረስ ነው" ብሎ ይሰርዘዋል። እባካችሁ እንዳትሰርዙ። መጀመሪያ የፎንቱን ስም እዩ፤ ቃሉ ላይ ጠቅ ስታደርጉ ዎርድ ከላይ ስሙን ይነግራችኋል። ያንን ፎንት ፈልጋችሁ ስትጭኑ ጉንዳኑ ፊደል ይሆናል። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ መቀየሪያዎች አሉ፤ ሥራቸው "በእገሌ ውል 201 ሠ ነበር፤ በአዲሱ ውል የሠ ቁጥር ይህ ነው" እያሉ ቁጥር መመንዘር ነው።

ያቺን ፍሎፒ አልጣልኳትም ነበር። ማንበቢያው ከገበያ ሳይጠፋ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ባለፈው ሙሽሪት ራሷ፣ አሁን የሦስት ልጆች እናት፣ ቤታችን መጥታ ሳለ ትዝ አለኝና ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት። ያው ጉንዳን። የፎንቱን ስም አየሁ፣ ከአንድ አሮጌ ሲዲ አውጥቼ ጫንኩት፣ መልሼ ከፈትኩት። ከነአበባ ጌጡ ወጣ። ልጆቿ የእናታቸውን ስም ጮክ ብለው አነበቡ፤ እሷ ግን ዓይኗ ቀኑ ላይ ቆመና "ውይ፣ እሑድ ነበር እኮ ሠርጌ፤ ቅዳሜ ብላ ጽፋዋለች" አለች።

ለካ መብራቱ የጠፋው ለደግ ነበር።